ያኔ ፈርመሽ ዛሬ እምቢ ትያለሽ?

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በክርስትና ያደግኩ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። መድኃኒት ተረክቦ ለጤና ተቋማት በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ተረካቢ ሆኜ ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር በፊት 200 ካርቶን የደም ግፊት መድኃኒት መግባት ሲኖርበት የደረሰው 140 ብቻ ነበር። አለቃዬ ‹የቀረው በዚህ ሳምንት ይገባል፤ የአቅራቢው ክፍያ እንዳይዘገይ 200 ብለሽ ፈርሚ› አለኝ። ቅር እያለኝ ፈረምኩ። ስልሳው ካርቶን እስከ ዛሬ አልገባም። አሁን ሌላ ጭነት ሊመጣ ነው፤ እንደ በፊቱ እንድፈርም ተነግሮኛል። አልፈርምም ስለው አለቃዬ ሳቀና ‹ያኔ ፈርመሽ ዛሬ እምቢ ትያለሽ? ጽድቅሽ በየስንት ወሩ ነው የሚመጣው?› አለኝ። አፌ ተያዘ። እውነቱን ነው አልኩ በልቤ።

በቤተ ክርስቲያን የማከብረውን አንድ ወንድም ባማክረው ‹እግዚአብሔር የሚያየው ልብሽን ነው፤ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን በጣዖቱ በሬሞን ቤት እሰግዳለሁ ሲል ነቢዩ ኤልሳዕ በሰላም ሂድ ነው ያለው። ለቤተሰቡ የማያስብ ደግሞ ከማያምን ሰው ይልቅ የከፋ ነው› አለኝ። እናቴንና ታናሽ ወንድሜን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋርም አልተግባባሁም። ከሥራ በኋላ አብረን እንቀመጥ ሲሉኝ አልሄድም፤ የልደት ቀን ሲያከብሩ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ‹ጻድቋ› የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይህን ሁሉ ለእምነቴ ብዬ ስችል ኖሬ ዋናው ነገር ላይ ወደቅኩ። አሁን እምቢ ብል ግብዝ አልሆንም ወይ?»

መልስ

እህቴ፣ መልሱን ሳላቆይሽ ልንገርሽ። አትፈርሚ።

ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ ለእኔ አትጽፊም ነበር። አፍሽን የያዘው ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ተነሥቶ «አይሆንም» ለማለት ምን አፍ አለው? የሚለው ነው ያስጨነቀሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም ያቆመኝ አለቃሽ የሳቀበት ቦታ ነው።

የተናገረሽን ቃል እስኪ ደግመሽ ስሚው። ስለ መድኃኒቱ አንድም ነገር አላለም። ስልሳው ካርቶን የት ገባ ለሚለውም መልስ የለውም። የተናገረው ስለ አንቺ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ፊርማሽን እንደ መያዣ ይዞ ሁለተኛውን ይጠይቅሻል። ሁለተኛውን ከሰጠሽው ሦስተኛውን ሲጠይቅሽ በእጁ ሁለት መያዣ ይኖረዋል። በእሱ ስሌት ከሄድን፣ አንድ ቀን የዋሸ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የመዋሸት ግዴታ ተጥሎበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

ግብዝ የምትሆኚው «እኔ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም» ብለሽ እምቢ ያልሽ እንደሆነ ነው። «ፈርሜያለሁ፤ ጥፋት ነበር፤ አልደግመውም» ስትይ ግን የምትሸፍኚው ነገር የለም። በቤተ ክርስቲያን ከልጅነታችን ጀምሮ ንስሐ እያልን የምንሰማው እኮ ይሄው ነው። በጸሎት ጊዜ ብቻ የሚሠራ፣ ቢሮ ስንገባ በር ላይ ጥለነው የምንገባ ነገር አድርገነው ኖረን ሊሆን ይችላል እንጂ።

ጴጥሮስን አስቢው። ሌሊቱ ብርድ ነበርና በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ይሞቃሉ፤ እሱም ከእነሱ ጋር ቆሞ ይሞቃል። መጀመሪያ የጠየቀችው አንዲት በር የምትጠብቅ ገረድ ናት። ሰይፍ አልመዘዘችም፣ አላሰረችውም፤ አንተ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አይደለህም? አለችው እንጂ። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ የጥያቄው ማነስ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ነፍሴን እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ በአትክልቱ ስፍራም ሰይፍ መዝዟል። ለትልቁ ፈተና ተዘጋጅቶ ቆይቶ ትንሿ ጥያቄ ባላሰበበት በኩል ገባችበት። ያንቺም «200 ብለሽ ፈርሚ» በዚያው በኩል የገባች ናት። ቅጽ፣ እስክሪብቶ፣ የቸኮለ ሾፌር፣ በር ላይ የቆመ መኪና። ጌታን ትክጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽ ማንም የለም።

ከትንሣኤው በኋላ ጌታ በባሕሩ ዳር ደቀ መዛሙርቱን ሲጠብቅ፣ ፍም ተነጥፎ ዓሣም በላዩ ተደርጎ እንደ ነበር ዮሐንስ ጽፏል። በወንጌሉ የፍም እሳት የተነሣው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ጴጥሮስ በካደበትና ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተብሎ በተጠየቀበት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ይኸው ሰው በዚያችው ከተማ በሸንጎ ፊት ቆሞ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባናል» ሲል እናገኘዋለን። ከሸንጎው አንዱ ተነሥቶ «ያኔ በገረድ ፊት የካድከው አንተ አይደለህም እንዴ? ዛሬ ነው ጽድቅህ የመጣው?» ቢለው ኖሮስ? አዎ፣ እኔው ነኝ ከማለት ሌላ ምን መልስ ነበረው? በዚያም መልስ ስብከቱ የሚበላሽ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ «ወረቀት ብቻ እኮ ነው» የሚለው አሳብ በጣም አሮጌ ነውና። እ.ኤ.አ. በ250 ገደማ የሮም ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ በግዛቱ ያለ ሕዝብ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። ሰዉ በየአካባቢው በተሾሙ ሰዎች ፊት ቀርቦ፣ ሠውቶ፣ ከመሥዋዕቱ ቀምሶ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። በፓፒረስ የተጻፉ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ከግብፅ ተገኝተው ዛሬም አሉ። አንደኛው የአንድ የ72 ዓመት ሽማግሌ ሲሆን፣ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው ሳይቀር ተመዝግቧል። አሳቡ፣ ዘወትር ለአማልክት ስሠዋ ኖሬያለሁ፤ አሁንም በፊታችሁ ሠውቼ ቀምሻለሁ፤ ይህን አረጋግጡልኝ የሚል ነው። ከሥሩ ደግሞ የመስካሪዎቹ ፊርማ አለ። መልኩን ተመልከችው፤ የአንቺ መሥሪያ ቤት ቅጽ ነው እኮ፤ ስም፣ መለያ፣ የተፈጸመው ነገር፣ ፊርማ።

በሰሜን አፍሪካዋ ከተማ በካርቴጅ ብዙ ክርስቲያኖች መሠዋቱን ሕሊናቸው አልፈቅድ ቢላቸው ሌላ ዘዴ አገኙ። ገንዘብ ከፍለው፣ ሳይሠዉ፣ ወረቀቱን ብቻ ወሰዱ። እጃችን ዕጣን አልነካም፣ አፋችንም መሥዋዕት አልቀመሰም፤ የወሰድነው ወረቀት ነው ነበር የሚሉት። የከተማው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ ግን ይህን እንደ ቀላል ነገር አላለፈውም። ወረቀቱ ሠውቷል ብሎ ይመሰክራልና፣ የያዘው ሰው ሌላው በተግባር የሠራውን ክህደት በጽሑፍ አምኗል አለ። ጥፋቱ ጥፋት ነው። ልዩነቱንም ግን አልካደም። ስደቱ ጋብ ሲል እ.ኤ.አ. በ251 በካርቴጅ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት የእያንዳንዱን ጉዳይ እየመረመሩ፣ ወረቀት ብቻ የወሰዱትን ንስሐ ገብተው እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ የሠዉት ረዘም ያለ የንስሐ ጊዜ ተሰጣቸው። ቀጥሎ ሌላ ስደት ሊመጣ መሆኑ ሲሰማ ደግሞ፣ በንስሐ ላይ ያሉትም ቢሆኑ በጌታ ሥጋና ደም በርትተው ወደ ፈተናው ይግቡ ተብሎ ተወሰነ።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በይልኝ። ትናንት የወደቁትን ሰዎች «እናንተማ ወድቃችኋል፣ ዳር ላይ ቁሙ» አላሏቸውም። መጪውን ፈተና ቆመው እንዲቀበሉ ነው ያስታጠቋቸው። በሮም ኖቫትያን የሚባል ካህን የወደቀ ሰው ፈጽሞ ወደ ኅብረቱ አይመለስም ብሎ ተለይቶ ወጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያ መንገድ አልሄደችም። አለቃሽ የያዘው አቋም የኖቫትያንን ነው። አንቺም በልብሽ «እውነቱን ነው» ስትይ በራስሽ ላይ የፈረድሽው ያንኑ ፍርድ ነው። ራሱ ቆጵርያኖስ ካስቱስና ኤሚልዮስ ስለሚባሉ ሁለት ሰዎች ይናገራል፤ በመጀመሪያው ሥቃይ ተሸንፈው ነበር፣ በሁለተኛው ግን እሳቱን አሸንፈዋል ይላል። እሱም ቢሆን በ250 ሸሽቶ ተደብቆ ነበር፤ በዚህም ተነቅፏል። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 258 ግን አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። ያኔ ሸሽተህ ዛሬ ትቆማለህ? ያለው ሰው አይጠፋም መቼም።

ወደ ወንድማችን ምክር ልምጣ። ክፉ አስቦ የተናገረ አይመስለኝም፤ ስለ እናትሽ ተጨንቆ ይሆናል። ንዕማንን የጠቀሰበት መንገድ ግን አልተዋጠልኝም። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን አውጪና አንብቢው። ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ከእንግዲህ ለሌላ አምላክ እንደማይሠዋ በግልጽ ተናገረ፤ ሁለት የበቅሎ ጭነት አፈርም ለመነ። ከዚያ በኋላ ነው ያስጨነቀውን ነገር የገለጠው። ጌታዬ ንጉሡ በእጄ ተደግፎ ወደ ሬሞን ቤት ሲገባ አብሬው ማጎንበሴ አይቀርምና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። አልደበቀም። በእሱ ማጎንበስ የተዘረፈ ሰው የለም፣ መድኃኒት ያጣ በሽተኛ የለም፣ በሐሰት የተመሰከረበት ባልንጀራም የለም። ኤልሳዕ «በሰላም ሂድ» ያለው ገና ያመነ፣ እውነቱን ሳይጠየቅ የተናገረ እንግዳ ሰውን ነው።

ወንድማችን ንባቡን ያቆመው ግን ቁጥር 19 ላይ ነው። ከቁጥር 20 ጀምሮ ያለው የአንቺ ታሪክ ነው። የነቢዩ ሎሌ ግያዝ ንዕማንን ተከትሎ ሮጠ። ሁለት የነቢያት ልጆች አሁን መጥተውብናልና አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ስጣቸው ብሎሃል ጌታዬ፣ አለው። የመጣ ሰው የለም። በሌሉ ሰዎች ስም፣ ለሌለ ፍላጎት፣ የታመነ ሰው ስም ተጠቅሶ ንብረት ወጣ። በዛሬው ቋንቋ የሐሰት የወጪ ሰነድ ነው። ንዕማንም በደስታ እጥፍ አድርጎ ሁለት መክሊት ሰጠው፤ ግያዝ በቤቱ ሸሸገው። ከየት መጣህ ሲባል «ወዴትም አልሄድኩም» አለ። የንዕማን ለምጽ በእሱ ላይ ተጣበቀ። ለማጎንበስ ይቅርታ የለመነው ሰውና ሰነድ ያጭበረበረው ሰው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱን ጠቅሶ ሌላውን መዝለል አይቻልም።

ቤተሰብን ስለማስተዳደር የተጻፈውም እውነት ነው፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ከእነዚያ ስልሳ ካርቶኖች አንዱ ይደርሳት የነበረች እናትም አለች። የደም ግፊት መድኃኒት ለአንድ ሳምንት ሲቋረጥ ምን እንደሚያስከትል አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ። በአንዷ እናት ስም ሌላዋን እናት መርሳት ጳውሎስ ካሰበው ነገር ጋር አይገናኝም።

ይህ የቤተሰብ ክርክር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከባድ የሚሆነው ደግሞ የሚያቀርቡት የሚወዱን ሰዎች ስለሆኑ ነው። ኦስትሪያዊው ገበሬ ፍራንዝ ዬገርሽቴተር ለሂትለር ጦር አልዘምትም ሲል፣ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ሳይቀሩ ስለ ቤተሰብህ አስብ ብለውት ነበር። ከባለቤቱ የወለዳቸው ሦስት ሕፃናት ሴት ልጆች ነበሩት። የእሱ እምቢታ ጦርነቱን በአንድ ቀን እንኳ አላሳጠረም፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1943 አንገቱ ተቀላ። በ2007 ቤተ ክርስቲያኑ ብፁዕ ብላ አወጀችው። የአንቺን ፈተና ከእሱ ጋር እኩል አላደርገውም። «አንተ እምቢ ብትል ምን ይለወጣል?» የሚለው ጥያቄ ግን ለእሱም ቀርቦለት እንደ ነበር እንድታውቂ ብዬ ነው።

አሁን የማይጥምሽን ልናገር። ባልደረቦችሽ «ጻድቋ» የሚሉሽ ሁሉ ስለ እምነትሽ አይመስለኝም። አብሮ መቀመጥን እምቢ ብለሻል፤ ሰው ተወለደ ተብሎ ሲዘመር ክፍሉን ትተሽ ትወጫለሽ። የትኛው ትእዛዝ ነው ይህን የሚጠይቅሽ? ስካር ባለበት አትቀመጪ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። የባልደረባሽን ልደት ጥለሽ ስትወጪ ግን እሷ የምትረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንቃኛለች። ጌታ ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ ተቀምጦ ተነቅፏል እንጂ ጥሎ በመውጣት አልተነቀፈም።

ጳውሎስ በዚህ ይረዳሻል። ጢሞቴዎስን በዚያ ስፍራ ስለነበሩት አይሁድ ሲል ገረዘው። ቲቶን ግን ሊያስገርዙት ሲፈልጉ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተገዛንላቸውም አለ። ድርጊቱ አንድ ነው፣ መልሱ ሁለት። በጢሞቴዎስ ጊዜ የተነካው የጳውሎስ ምቾትና የሰዎች ስሜት ነበር፤ እዚያ ላይ ለቀቀ። በቲቶ ጊዜ የተነካው ራሱ ወንጌሉ ነው፤ እዚያ ላይ አልተንቀሳቀሰም። ብዙዎቻችን ይህን ገልብጠን እንይዘዋለን። በልብስ፣ በሙዚቃ፣ በሰላምታ ላይ እንደ ዐለት እንቆምና በገንዘብና በፊርማ ላይ እንደ ሰም እንቀልጣለን። ደብዳቤሽ ላይ ይህን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ያን ሁሉ ችዬ ዋናው ላይ ወደቅኩ ብለሽ። በትንንሹ እምቢታ ጉልበትሽን ጨርሰሽው፣ ባልደረቦችሽንም አርቀሽ፣ ትልቁ ሲመጣ አጠገብሽ የሚቆም ሰው ጠፋ። በሚቀጥለው ልደት ተቀመጪ። ለምን መጣሽ ብለው ቢገረሙም ተቀመጪ።

ለአለቃሽ እንዴት እንደምትነግሪው ላንሣ፤ እዚህ ላይ እኔም የምጸጸትበት ነገር አለኝ። ወጣት ሳለሁ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ተብሎ ሪፖርት እንዲገባ ተጠየቅኩ። እምቢ አልኩ፤ ግን ያልኩት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጥቅስ ጠቅሼ ነው። አለቃዬ ፊቱ ሲቀላ አሁንም ይታየኛል። በእጁ ይዞት የነበረውን መነጽር አጠፈው፣ ዘረጋው፣ አጠፈው። ምናልባት ለብቻው ብነግረው ይመለስ ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና ሪፖርቱን በሌላ ሰው አስፈረመው። ያም ሰው ሦስት ልጆች የሚያሳድግ የዋህ ሰው ነበር። የእኔ ሕሊና ነጻ ወጣ፤ የእሱ ተጨማለቀ። በዚያ ቀን የፈለግኩት እውነትን ነው ወይስ ሰው እንዲያየኝ? ብዬ ራሴን ስጠይቅ ብዙ ዓመት አልፏል።

ዳንኤል እንዲህ አላደረገም። በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ቆረጠ፤ የቆረጠው ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው። ከዚያ ሄዶ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። ሰውዬው ፈራ፤ ፊታችሁ ከስቶ ንጉሡ ቢያይ ራሴን ታስቆርጡታላችሁ አለ። ዳንኤል ይህን ፍርሃት አልናቀም። ወደ ጠባቂያቸው ሄደና ዐሥር ቀን ፈትነን፣ አትክልትና ውኃ ስጠን፣ ከዚያ ፊታችንን አይተህ ፍረድ አለው። በአቋሙ ስንዝር አልተነቃነቀም፤ ሰውየው የሚወጣበትን በር ግን ከፈተለት። በነገራችን ላይ የባቢሎንን ቋንቋ ተምሯል፣ ብልጣሶር በሚለውም ስም ጠርተውታል፤ በዚያ አልተጣላም።

አንቺም ጭነቱ ሳይመጣ፣ ቢሮው ዝም ሲል፣ ለብቻው አነጋግሪው። አለቃሽም የሚፈራው ሰው ይኖረው ይሆናል፤ ይህን አስበሽ ግቢ። «ባለፈው መፈረሜ ጥፋቴ ነው፤ በእርስዎ አላላክክም። ከአሁን በኋላ ግን ቆጥሬ የተረከብኩትን ብቻ ነው የምፈርመው። የአቅራቢው ክፍያ እንዳይዘገይ ከሆነ፣ የደረሰውን ያህል በከፊል ርክክብ ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ለቀሪውም ሲደርስ በሌሊት ቢጠሩኝ እመጣለሁ» በይው። ጥቅስ አትጥቀሽ። ከሳቀም ይሳቅ። ሳቁን ችለሽ ከወጣሽ ያ ክፍል ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ አያስፈራሽም።

የቀድሞው ፊርማሽ ግን በንስሐ ጸሎት ብቻ አያልቅም፤ ይህን ባልነግርሽ አታላይ እሆናለሁ። ዘኬዎስ በደሌን ይቅር በለኝ ብቻ ብሎ አልተቀመጠም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። አንቺ ገንዘቡን አልወሰድሽም፤ ለሌለ ንብረት ግን ምስክር ሆነሻል፤ ያ ምስክርነት መታረም አለበት። ማንንም ከማነጋገርሽ በፊት ሕግ የሚያውቅ የታመነ ሰው አማክሪ፤ በጽሑፍ የምታስገቢው ነገር በአንቺም ላይ ሊመጣ ይችላልና እንዴት እንደሚጻፍ እወቂ። መቼ፣ ስንት ካርቶን እንደገባ፣ ማን ምን እንዳለሽ በቀን በቀኑ ለራስሽ መዝግቢ። የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ግን ደብቀሽ እንዳታወጪ። ለአለቃሽ የማስተካከል ዕድል ስጪው፤ ካልሆነ ጉዳዩን ለውስጥ ኦዲት ወይም ከእሱ በላይ ላለው ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቢ። ሊያስቀጣሽ ይችላል። ሳይታወቅ ዓመታት አልፈው በሌላ ሰው እጅ ከሚገለጥ ግን ራስሽ ብትገልጪው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የአለቃሽን ስም ይዘሽ ወደ ጸሎት ቡድን እንዳትሄጂ። «ጸልዩልኝ» እየተባለ የስንት ሰው ስም ጠፍቷል። ለንስሐ አባትሽ ወይም ለመጋቢሽ ንገሪ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ሥራሽን ብታጪስ? ልታጪ ትችያለሽ። እምቢ ያለ ሁሉ በወሩ የተሻለ ሥራ አገኘ የሚል ምስክርነት ብዙ ሰምተሻል፤ እኔም ሰምቻለሁ፤ ለደረሰባቸው ደስ ይለኛል። ያላገኙት ግን መድረክ ላይ ወጥተው አይናገሩም። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ወደ እቶን እሳት ሊጣሉ ሲሉ አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «ባያድነንም እንኳ» ብለዋል። ያን ሲሉ መጨረሻውን አያውቁትም ነበር፤ እኛ ነን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብበን የምናውቀው። ስለዚህ ለወራት የሚሆን አሳብ ከአሁኑ ያዢ። ታናሽ ወንድምሽ ምን ሊያግዝ እንደሚችል ተነጋገሩ፤ ሌላ ሥራ መፈለግም ጀምሪ፤ ይህ አለማመን አይደለም። ለእናትሽ ደግሞ ዛሬ ማታ ንገሪያት። ልጇ ለምን እንቅልፍ እንዳጣች ሳይገባት አይቀርም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንቺ ትስማ።

ሥራውን ቶሎ ለቅቀሽ እንድትሮጪም አልመክርሽም። አብድዩ በንጉሥ አክዓብ ቤት የቤቱ አዛዥ ሆኖ ነው መቶ ነቢያትን ኀምሳ ኀምሳ አድርጎ በዋሻ የደበቀው። በዚያ መጋዘን በር ላይ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው መኖሩ ለስንት በሽተኛ እንደሚጠቅም አስቢ።

ጭነቱ ሲመጣ ሾፌሩ ይቸኩላል፤ አለቃሽም ምናልባት አጠገብሽ ይቆማል። አንድ በአንድ ቁጠሪ። ሁለተኛ ጊዜ ቁጠሪ። ከዚያ በቅጹ ላይ የገባውን ቁጥር ጻፊ፤ በማስታወሻው ቦታ ላይ ደግሞ «ቀሪው አልደረሰም» ብለሽ፣ ቀኑን አድርገሽ፣ ስምሽን ሙሉ አድርገሽ ፈርሚ። ማታ ጻፊልኝ፤ የሆነው ነገር ጥሩም ባይሆን ጻፊልኝ።